በረኛው መሪ ሲጨብጥ

ከደጀን ወደ ቀኝ ታጥፎ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ለረጅም ዓመታት ጠጠር ነበር። ክረምት ሲመጣ ዋልካው ጎማ ይውጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና አያሳይም። ያንን መንገድ ሲመላለሱበት የኖሩ ሹፌሮች ሲመሰገኑ «እከሌ ፈጣን ነው» ተብሎ አይደለም። «እከሌ መኪና አይሰብርም» ነው ምስጋናው። ማታ ሞጣ ሲገባ ባሌስትራው ደህና፣ ፍሬኑ ደህና፣ ተሳፋሪውም ደህና ከሆነ ሰውየው ሹፌር ነው። ጠዋት በዚያው መኪና ወደ ብቸና የሚመለስ ሕዝብ አለና!

የኳስ አፍቃሪው «ይሄ ወሬ ስፖርት ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» ሊል ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው። በዓለም ላይ እጅግ በታወቀው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድርም ሰው የሚመዘነው ከሞጣው መንገድ ብዙም ባልራቀ ሚዛን ነው። በዚያ ሚዛን ላይ ደግሞ የእግር ኳስ ተመልካች አሳምሮ የሚያውቀው አንድ ሰው ወጥቶበታል። መላጣው በረኛ፣ ፋቢያን ባርቴዝ!

የተሳመው ራስ

ባርቴዝን በዝና ብቻ ለሚያውቁት ወጣቶች ትንሽ ማስታወስ ይገባል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1993 ኦሎምፒክ ማርሴይ ኤሲ ሚላንን 1ለ0 ረትቶ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን ሲያነሳ ግቡን የጠበቀው የ21 ዓመቱ ባርቴዝ ነበር። በ1998 ፈረንሳይ በሜዳዋ የዓለም ዋንጫን ስታሸንፍ በሰባት ጨዋታ የተቆጠሩባት ጎሎች ሁለት ብቻ ናቸው። ያኔ ተከላካዩ ሎረን ብላን ጨዋታ ሊጀመር ሲል እየመጣ የባርቴዝን መላጣ ሲስም ዓለም ሁሉ እየሳቀ ያይ ነበር። በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ተጨመረበት። በዚያው ክረምት ወደ ኦልድ ትራፎርድ ተሻግሮ ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጋር ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫዎችን በላ።

ይሁንና ሰው በብዛት የሚያስታውሰው ያዳነውን አይደለም። በጥር 2001 ዌስትሃም ለኤፍኤ ካፕ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ ነበር። ፓኦሎ ዲ ካኒዮ ኳስ ይዞ ብቻውን ሲመጣበት ባርቴዝ «ኦፍሳይድ ነው» በሚል እጁን ሽቅብ አንስቶ ቆመ። ፊሽካ አልተነፋም። ዲ ካኒዮ አስቆጠረ፤ ዩናይትድም 1ለ0 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። በሚያዝያ 2003 ደግሞ ብራዚላዊው ሮናልዶ ሦስት አገባበትና የኦልድ ትራፎርድ ተመልካች ራሱ ብድግ ብሎ ለሮናልዶ አጨበጨበ። ዩናይትድ ያንን ጨዋታ 4ለ3 ቢያሸንፍም በደርሶ መልስ ያለፈው ሪያል ማድሪድ ነው። የባርቴዝ የማንቸስተር ዘመንም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ2006 በርሊን ላይ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ቆመ። ጣሊያኖች አምስቱንም የመለያ ምቶች አገቡበት።

የበረኛ ዕጣ ይኸው ነው። አጥቂ አሥር ስቶ አንድ ቢያገባ በትከሻ ይዞራል። በረኛ አሥር አድኖ አንድ ቢገባበት ስሙ ከዚያች ከአንዷ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አገር ቤትም ቢሆን ያው ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ከዛምቢያ ጋር 1ለ1 የወጡበትን የአዳነ ግርማን ጎል የማያስታውስ የለም። ጀማል ሲወጣ ጓንት አጥልቆ ገብቶ ያንን ነጥብ እስከ መጨረሻው የጠበቀውን ተቀያሪ በረኛ ስም ሳያስብ የሚጠራ ግን ስንቱ ነው?

ይህ ሁሉ የተነሳው በከንቱ አይደለም። ባርቴዝ ከኳስ በኋላ የገባበት ስፖርት፣ የጠበቀ ሰው ካስቆጠረው እኩል የሚቆጠርበት ስፖርት ስለሆነ ነው።

በ37 ዓመቱ እንደገና ጀማሪ

ባርቴዝ በ2007 ከናንት ወጥቶ ጓንቱን ሰቀለ። ዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ አማራጭ አለው። ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ መተንተን ይችላል፤ አሠልጣኝ መሆን ይችላል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዋንጫውን መወልወልም ይችላል። እሱ ግን ወደ 37 ዓመቱ ሲጠጋ፣ በ2008፣ በፈረንሳይ የፖርሽ ካሬራ ካፕ ውድድር ላይ ከጀማሪዎች ተርታ ተሰለፈ። አብረውት ከሚነዱት ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ በካርቲንግ ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ከእሱ በእጅጉ ያነሰ ወጣቶች ነበሩ።

እዚያ የማን ዩናይትድ ማልያ አይሠራም፤ ሰዓቱ መላጣ አይስምም! በየዙሩ የሚመጣው ቁጥር ስንት ሰከንድ እንደዘገየ ይነግረዋል፤ አለቀ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ 67 ሺህ ሰው ፊት የቆመ ሰው እንደገና ከታች ጀምሮ መማርን ወደደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጫማቸውን የሰቀሉ ስንት ኮከቦች ናቸው ጀማሪ ተብለው መጠራትን የሚችሉት?

ዓመታቱ በከንቱ አልሄዱም። በ2013 በፌራሪ 458 ከሞርጋን ሙላን ትራፎር ጋር እየተፈራረቀ የፈረንሳይ የጂቲ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ፣ በ2014፣ ዓለም የሚያውቀው ትልቁ መድረክ ላይ ወጣ፤ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር። ከአንቶኒ ፖንስና ከሶኤል አያሪ ጋር ሆኖ በአማተሮቹ ምድብ ነዳና መኪናውን እስከ ፍፃሜው መስመር አደረሱት። በ2016 ደግሞ ከቀድሞው የፎርሙላ ዋን ሹፌር ከኦሊቪዬ ፓኒስ ጋር ሆነው በሁለቱ ስም የተጠራ ቡድን መሠረቱ። ፓኒስ ማለት በ1996 ብዙዎቹ ከመንገድ በወጡበት ዝናባማ ውድድር ሞናኮን ያሸነፈው ሰው ነው። ባርቴዝ በዚያው ዓመትና በ2017 በዚህ ቡድን መኪና፣ ከጂቲው በፈጠነው ኤልኤምፒ 2 በሚባለው ምድብ፣ ሌ ማን ላይ ተሰለፈ።

«ለማን?»

ስሙን በአማርኛ ጆሮ ለሰማው ጥያቄ ይመስላል፤ «ለማን?» ይላል። የውድድሩን ሥርዓት ላየ ሰው ደግሞ በእውነትም ጥያቄው እሱ ነው።

ሌ ማን ከ1923 ጀምሮ የሚካሄድ ውድድር ነው። አንድ ዙሩ 13 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ገደማ ይሆናል። የመንገዱ ከፊል ሌላ ጊዜ የአገሬው ሰው ገበያና ሥራ የሚሄድበት ተራ አስፋልት ነው፤ ለውድድሩ ሲባል ይዘጋል። መኪናው ከአንዱ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሌሊቱን ጭምር፣ ይነዳል። በዛሬው አሠራር በአንድ መኪና ሦስት ሹፌሮች ይፈራረቃሉ። አንድ ሹፌር በስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ማለት ምን ማለት ነው? ማንም ብቻውን አያሸንፍም ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ የሹፌሮቹ ደረጃ ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሹፌሮችን ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ብሎ በአራት ይከፍላቸዋል። ነሐስ እዚህ ላይ ሦስተኛ የወጣ ሰው ሜዳልያ አይደለም። ነሐስ ማለት እንጀራው ሌላ የሆነ፣ መኪና መንዳት የጀመረው ከፍቅር የተነሳ፣ በአጭሩ አማተር ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ አማተሩን አያባርረውም፤ ቦታ ይሰጠዋል እንጂ። ከ2024 ጀምሮ በሌ ማን ኤልኤምጂቲ 3 በሚባለው ምድብ እያንዳንዱ መኪና አንድ ነሐስ ሹፌር መያዝ አለበት። አማተሩ እንደ ጌጥ ተቀምጦ የሚውልበት መንገድም የለም፤ ሊነዳው የሚገባ ዝቅተኛ ሰዓት በሕግ ተቆርጦለታል።

በኳስ ቋንቋ እናስበው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲጫወቱ እያንዳንዱ ቡድን ቀን ቀን ሱቅ የሚሸጥ አንድ ሰው ግዴታ ያሰልፍ፣ ሰውየውም ቢያንስ ይህን ያህል ደቂቃ ይጫወት ቢባል ምን ይፈጠራል? አሠልጣኙ ያንን ሰው የት ያሰልፈዋል? ምን ይለዋል? «ጎል አግባ» አይለውም። «ኳሷን አታስነጥቅ፤ ለጓደኛህ በሰላም አቀብል» ነው የሚለው።

የነሐስ ሹፌር ሥራም ልክ ይህ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከኋላው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ፕሮቶታይፕ መብራቱን እያበራ ሲመጣ መንገዱን ሳይስት ማሳለፍ አለበት። ሲዘንብ ራሱን መግዛት አለበት። ሁለት ሰከንድ ለማትረፍ ብሎ ጠርዝ ላይ ቢወጣና መኪናውን ቢሰብር፣ ፕላቲነሙ ሹፌር ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀመው ሁሉ በአንዲት ኩርባ ላይ ያልቃል። ፍጥነት የሌሎቹ ሥራ ነው። የእሱ ሥራ የተገኘውን አለማስነጠቅ ነው። ታዲያ ይህ የበረኛ ሥራ አይደለም? ባርቴዝ ሙያ ቀየረ የሚሉት ተሳስተዋል። ሰውየው ጎሉን ትቶ መሪ ጨበጠ እንጂ ሥራው ያው መጠበቅ ነው።

«የሀብታም ጨዋታ»

አንድ ተቃውሞ እንዳለ መካድ አይቻልም። «ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው። ገንዘብ ያለው ወንበር ይገዛል፤ ጎበዙ ወጣት ደግሞ ገንዘብ አጥቶ ደጅ ይቀራል» የሚል። ነገሩ እውነትነት አለው። በዚህ ስፖርት ብዙዎቹ አማተሮች ባለሀብቶች ናቸው፤ የቡድኑን ወጪ የሚሸፍኑትም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1979፣ በ54 ዓመቱ፣ በፖርሽ 935 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሌ ማን ላይ በአጠቃላይ ውጤት ሁለተኛ የወጣው ከድህነት ተነስቶ አይደለም። ሌላው ተዋናይ ፓትሪክ ዴምፕሲም በ2015 በአማተሮቹ ምድብ ሁለተኛ ሲወጣ የራሱ ስም ያለበት ቡድን ነበረው። ለነገሩ እግር ኳሱስ ቢሆን ከገንዘብ ነፃ ነው ወይ? ቼልሲንና ማንቸስተር ሲቲን የሚያውቅ ተመልካች መልሱን ያውቀዋል።

ግን ገንዘብ ወንበር እንጂ ሰዓት አይገዛም። ለዚህ ምስክሩ ቤን ኪቲንግ ነው። ኪቲንግ በቴክሳስ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ደረጃውም ነሐስ ነው። በ2019 በፎርድ ጂቲ ሌ ማን ላይ በአማተሮቹ ምድብ ከጓደኞቹ ጋር አንደኛ ሆኖ ገባ፤ መድረክ ላይ ወጥቶም ተደሰተ። ከዚያ መኪናው ተመረመረ። የነዳጅ ታንከሩ እንዲይዝ የሚፈቀደው 96 ሊትር ሲሆን የእሱ 96.1 ሆኖ ተገኘ። አንድ አሥረኛ ሊትር! አንድ ስኒ ቡና ታክል ነዳጅ! ድሉ ተሰረዘ። ተመልካቹ በቪኤአር የተሻረች የጥፍር ኦፍሳይድ ስታናድደው ይህንን ያስታውስ።

ባለገንዘቡ ሰው ምን አደረገ? ተናዶ መኪናውን ሸጦ አልሄደም። በ2022 በአስቶን ማርቲን ተመልሶ ያንኑ ምድብ አሸነፈ። በ2023 ደግሞ በኮርቬት ደገመው። በሁለቱም ዓመታት የምድቡ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አሥረኛ ሊትር ስትወስድበት ማንም ባለሀብት ሊከራከርለት አልቻለም፤ መልሶ ሲያሸንፍም በቼክ የገዛው ድል አልነበረም።

በዚያው በባርቴዝ የ2016 ውድድር የሆነውም ሌላ ምስክር ነው። ቶዮታ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሌ ማን ድል ሊያገኝ ሦስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው መሪ የነበረው መኪናው ኃይል አጥቶ ቆመ። ፖርሽ አለፈና አሸነፈ። የ1999ኙን የባየር ሙኒክን ሐዘን የሚያስታውስ ተመልካች ስሜቱ ይገባዋል። ዓለምን ያስደነቀ ፋብሪካ፣ ፎርሙላ ዋን የነዱ ሹፌሮች፣ 23 ሰዓት ከ57 ደቂቃ የተለፋበት ሥራ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ቀረ። የቀድሞው በረኛ ያለበት የባርቴዝና የፓኒስ ቡድን ግን ያንን ቀን መኪናውን ጨርሶ ገባ። ስለዚህ «መጨረስ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ሰው ቶዮታን ይጠይቅ።

ያላስረከበው ሰው

የዚህ ስፖርት ትልቁ ትምህርት ግን ካሸነፉት ሳይሆን ከተሸነፈው ይመጣል። ፒየር ሌቬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ1952 በታልቦ መኪና ሌ ማን ላይ ገባ። ተረኛ ጓደኛው ልብሱን ለብሶ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ሌቬ ነዳጅ ሊቀዳ ይቆማል፤ ከመቀመጫው ግን አይነሳም። ሌሊቱ አለፈ፤ ነጋ፤ አሁንም አይነሳም። 23 ሰዓት ያህል ብቻውን ነዳ። ከተከታዮቹ መርሴዲሶች በአራት ዙር ርቆ ይመራ ነበር። ሊያልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሞተሩ ተሰበረ፤ ሁለቱ መርሴዲሶች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ።

ሌቬ ለምን እንዳላስረከበ ብዙ ተብሏል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሰውየው ጉብዝና አላነሰውም፤ በዚያ ቀን ከእሱ የተሻለ የነዳ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያነሰው አንድ ነገር ነው፤ ሌላውን ሰው ማመን። በኋላ ሕጉ አንድን ሹፌር በሰዓት የገደበው ሰው ሰው ስለሆነ ነው። ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ድካሙን የመጨረሻ የሚያውቀው ራሱ ነው።

ሌቬ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ በዚያው መንገድ ላይ በደረሰው አደጋ ሞተ። ከተመልካቹም ከ80 በላይ ሰው አለቀ። ጥፋቱ የእሱ ነው የሚል እዚህ የለም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ስፖርት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አውቋል፤ መኪና የሚሳሳተው በነጂው ብቻ ላይ አይደለም።

ከናይሮቢ እስከ ሞጣ

«የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል ካለ ጎረቤቱን ኬንያን ይመልከት። ከ1953 ጀምሮ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ በፋሲካ ሰሞን ዝናብ ሲወርድ የአፍሪካ ጭቃ የአውሮፓን ፋብሪካ ያንበረክከው ነበር። በ1963 እና በ1968 ውድድሩን የጨረሱት መኪኖች ሰባት ሰባት ብቻ ናቸው። ጆጊንደር ሲንግ የተባለው ኬንያዊ መካኒክ በ1965 ከወንድሙ ጋር በአሮጌ ቮልቮ ይህንን ውድድር አሸነፈ፤ በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ደገመው። መካኒክ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። መኪናውን ራሱ የሚፈታ ሰው እንዴት እንደሚሰበርም ያውቃል። ኢትዮጵያም ብትሆን በንጉሡ ዘመን ሃይላንድ ራሊ የሚባል የራሷ ውድድር ነበራት።

አሁን ወደ ብቸናና ሞጣ እንመለስ። የዚያ አካባቢ ሰው ማስረከብ ምን እንደሆነ ከማንም ሊማር አይገባውም። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ በፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእግረኛ መሻገሪያ እስኪሠራለት ድረስ ጎጃምና ጎንደር ይገናኙ የነበረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፤ ከወዲህ ያሉት ይለቃሉ፤ ከወዲያ ያሉት ይስባሉ። ጉልበተኛ መሆን ለብቻው ምንም አይሠራም። ከወዲህ የያዘው ሰው ወዲያኛው መያዙን ሳያይ ከለቀቀ ሰው ገደል ይገባል።

ታዲያ ይህንን የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት አገር መንገዱ ላይ የሚታየው ለምን ሌላ ሆነ? ተሳፋሪ ጭኖ ከፊቱ ያለውን ለመቅደም ኩርባ ላይ የሚወጣው ሹፌር ከየት መጣ? ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለሙገሳ አይደለም። አንዳንዱ ሹፌር ይህንን ስም ሲሰማ እንደ ማልያ ቁጥር ይኮራበታል። በየመንገዱ ዳርም «እከሌ ከደጀን ብቸና በዚህን ያህል ደቂቃ ገባ» ብሎ የሚያሞግስ አድናቂ አይጠፋም። ወጣቱ ረዳት ይህንን እየሰማ ያድጋል፤ ነገ መሪ ሲጨብጥ የሚመኘው ምን ይሆናል?

«ስፖርት ነው ያበላሻቸው፤ በቴሌቪዥን ሩጫ እያዩ ነው» የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ችግሩ ስፖርቱን ማየታቸው ሳይሆን ግማሹን ብቻ ማየታቸው ነው። ሌ ማን ላይ ያ አስፋልት ለውድድር ሲውል ይዘጋል። ሕፃን አይሻገርበትም፤ አህያ አይነዳበትም። ሹፌሩ የራስ ቁር አለው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ቢፈልግም ባይፈልግም ከመኪናው ይወርዳል። ውድድሩ አልቆ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ እንደ ማንኛውም የአገር መንገድ የፍጥነት ወሰን አለው። ባርቴዝም ቢሆን በዚያ አስፋልት ላይ ሰኞ ጠዋት 300 ቢነዳ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል እንጂ «ዓለም ዋንጫ አንስተሃል» ብሎ አያሳልፈውም። ስፖርቱን ስፖርት ያደረገው ፍጥነቱ አይደለም፤ አጥሩ ነው።

ለብቸና ወይም ለሞጣ የመኪና መወዳደሪያ ይሠራ የሚል ምኞት እዚህ አልተነሳም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ብዙ ነገር አለ። ወጪ የማይጠይቀው ነገር ግን ሙገሳን ማስተካከል ነው። በደቂቃ የሚመካውን ሹፌር የሚያጨበጭብለት ካጣ ራሱ ይቀዘቅዛል። ሃያ ዓመት ነድቶ ሰው ላይ ያልወጣ፣ ሲደክመው «አልችልም» ብሎ መኪና ዳር ያስያዘ፣ ለተረኛው «ፍሬኑን እየው፤ የኋላ ግራው ጎማ ሳስቷል» ብሎ ያስረከበ ሹፌር ስሙ ይነሳ። መናኸሪያ ላይ ይነሳ፤ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ይነሳ፤ ስፖርት ገጽ ላይም ቢነሳ ነውር የለበትም። በሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምድብ ከፍተው ዋንጫ ይሰጡታል!

የኳስ ተመልካቹም ድርሻ አለው። በረኛ ላይ የሚወርደውን ስድብ ያስበው። ጎል ያገባ ብቻ ሰው ከሆነ፣ ቀድሞ የገባ ብቻ ሹፌር ከሆነ፣ የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል? ሁሉም አጥቂ የሆነበት ቡድን ስንት እንደሚገባበት የሰፈር ልጅ እንኳን ያውቀዋል።

ባርቴዝ ሌ ማንን አላሸነፈም። በመኪና ውድድር ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ተርታ ስሙ አይጠራም፤ ያንን የሚል ካለ ይዋሻል። ያደረገው ሌላ ነው። ዓለም ያጨበጨበለት ሰው ሆኖ ሳለ ማንም የማያጨብጭብለትን ሥራ መርጦ ሠራው። ሌሊት መኪና ተቀበለ፤ ተራውን ነዳ፤ ወርዶ ለተረኛው አስረከበ። ለማን ነው የነዳው? ከእሱ በኋላ ለሚቀመጠው።

ከብቸና ሞጣ የሚመላለሰው ሹፌር ይህንን ስም ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። መልሱን ግን ያውቀዋል። ማታ ሞጣ ሲገባ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ መኪናውን አንዴ ዞሮ ያያል፤ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ጠዋት የሚሳፈር ሰው አለ።